የተመሰጠረ ኢሜይል በተርሚናል፦ ተረትና እውነታ

መት የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ማይክል ኤልኪንስ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ማውዝ አይፈልግም፣ ምስል አያሳይም፤ በተርሚናል ላይ በኪቦርድ ብቻ ይሠራል። ፊል ዚመርማን የፒጂፒ ምስጠራን ለሕዝብ የለቀቀው ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በ1991 ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ሶፍትዌሩ ያለ ፈቃድ ከአገር ወጥቷል በሚል ሲመረምረው ቆይቶ በ1996 ክስ ሳይመሠርት መዝገቡን ዘጋው። ዛሬ በተርሚናል ኢሜይል የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጭኑት በዚሁ በፒጂፒ ደንብ የሚሠራውን ነጻውን ጂኤንዩ ፕራይቬሲ ጋርድን፣ በአጭሩ ጂፒጂን ነው፤ ጀርመናዊው ቨርነር ኮህ የመጀመሪያውን ሙሉ ስሪት ያወጣው በ1999 ነው።

በመትና በጂፒጂ ዙሪያ ብዙ ይወራል። የሚያሳስበኝ ጥበቃውን አጋኖ የሚያወራው ወገን ነው። ያልተሸፈነውን ተሸፍኗል ብሎ ማመን ጨርሶ ካለመመስጠር ይብሳል፤ ያልመሰጠረ ሰው ቢያንስ የሚጽፈውን ይመርጣል።

«በተርሚናል የሚላክ ኢሜይል በራሱ ምስጢራዊ ነው»

አይደለም። መት ብቻውን የሚልከው ደብዳቤ በአሳሽ ከፍተን ከምንልከው አይለይም። ከኮምፒውተርዎ እስከ ሰርቨሩ ያለው መንገድ በቲኤልኤስ ይጠበቃል፤ ለመቀበል ፖርት 993፣ ለመላክ 465 ወይም 587 ይሠራል። ሰርቨሩ ላይ የደረሰው ደብዳቤ ግን አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ሊያነበው በሚችለው መልክ ይቀመጣል፤ ትእዛዝ ከመጣበትም ሊያስረክበው ይችላል። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚሸፍነው ጂፒጂ ሲጨመርበት ነው። ያኔ ደብዳቤው በተቀባዩ ይፋዊ ቁልፍ ተቆልፎ ይሄዳል፤ የሚፈታውም በተቀባዩ እጅ ባለው ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ነው።

ይሁንና የተርሚናሉ ጥቅም ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ኢፌይል ብለው የሰየሙትን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ። አጥቂው ቀደም ሲል የጠለፈውን የተመሰጠረ ደብዳቤ በኤችቲኤምኤል ኢሜይል ውስጥ ሸጉጦ መልሶ ለባለቤቱ ይልካል። የተቀባዩ ፕሮግራም ደብዳቤውን ይፈታና በውስጡ ያለ የሚመስለውን ምስል ሊያመጣ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፤ የምስሉ አድራሻ ሆኖ ወደ አጥቂው ሰርቨር የሚሄደው ግን የተፈታው ጽሑፍ ራሱ ነው። ምስጠራው አልተሰበረም፤ የተበላው ኢሜይሉን የሚያሳየው ፕሮግራም ነበር። መት ኤችቲኤምኤልን በራሱ ስለማይተረጉም፣ ምስልም ከኢንተርኔት ስለማያመጣ ከዚህ ተርፏል። ደብዳቤ መከፈቱን ለላኪው የሚነግሩት ስውር ምስሎችም በዚሁ ምክንያት አይሠሩበትም። ሆኖም ኤችቲኤምኤሉን ሁሉ በቀጥታ በአሳሽ እንዲከፍት አድርገው ካዋቀሩት፣ ይህን ጥበቃ በገዛ እጅዎ አነሱት ማለት ነው።

«ማዋቀሩ የባለሙያ ሥራ ነው»

አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ የመቀበያውና የመላኪያው ሰርቨር፣ የተላኩትና የረቂቆቹ ማህደር፣ የቁልፍዎ መለያ፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። የድሮ መመሪያዎች ደብዳቤ ለማምጣት አንድ፣ ለመላክ ሌላ ፕሮግራም ጫኑ ይላሉ፤ ዛሬ መት ሁለቱንም በራሱ ያደርጋል። ጀማሪን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉ ነው። ጂሜይል የተለመደውን የይለፍ ቃል ከእንዲህ ያለ ፕሮግራም አይቀበልም፤ ቀላሉ መንገድ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርቶ ለመተግበሪያ የሚሰጠውን ባለ16 ፊደል ቃል ማውጣት ነው። እሱንም በሴቲንግ ፋይሉ ላይ በግልጽ አይጻፉት። በሌላ ፋይል አድርገው በጂፒጂ ይመስጥሩት፤ መት ሲነሳ ፈትቶ እንዲያነበው ማዘዝ ይቻላል። ሰዎች የሴቲንግ ፋይላቸውን ለሌሎች ይጠቅማል ብለው ጊትሀብ ላይ ሲጭኑ የይለፍ ቃላቸው አብሮ ይወጣል።

ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሽም። በኋላ የአሜሪካን የስለላ ሰነዶች ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2012 መጨረሻ ለጋዜጠኛ ግሌን ግሪንዋልድ ሲጽፍ ፒጂፒ እንዲጭን ለምኖት ነበር፤ ጋዜጠኛው ሳያደርገው ቀረና ስኖውደን ወደ ፊልም ሠሪዋ ላውራ ፖይትራስ ዞረ። እሷ ምስጠራውን ታውቅ ነበር።

«አማርኛ በተርሚናል አይነበብም፣ ሲመሰጠርም ይበላሻል»

ይህ ተረት መነሻ አለው። በ1990ዎቹ አማርኛን በኢሜይል የሚጽፉ ሰዎች ሴራ በሚባለው ሥርዓት በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ የኮምፒውተሩ ቋንቋ በዩቲኤፍ-8 ከተዋቀረና እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት ካለ መት አማርኛውን ያለችግር ያሳያል። መስኮት ባለው ዴስክቶፕ ውስጥ በሚከፈት ተርሚናል ማለቴ ነው፤ ዴስክቶፕ የሌለው የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ መያዝ ስለማይችል ከግዕዙ ይልቅ ባዶ ሳጥን ሊያሳይዎ ይችላል። ሌላው ችግር የውበት ነው። ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ስለሚሰጥ እንደ «ጯ» ያሉ ሰፋፊዎቹ ይጨናነቃሉ።

መበላሸቱን በተመለከተ፣ ምስጠራ ፊደል አይለይም። የሚያበላሸው አሮጌው አላላክ ነው፤ የተመሰጠረውን ጽሑፍ በደብዳቤው አካል ላይ እንዲሁ ሲለጥፍ፣ ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ በአስተማማኝ አያስተላልፍም። ፒጂፒ ማይም የሚባለው አላላክ ግን ይህን መረጃ ከደብዳቤው ጋር አብሮ ይመሰጥረዋል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላውን መምረጥ የለበትም።

«ከመሰጠርኩ ማንም ምንም አያይም»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። መት ላይ ደብዳቤውን ጽፈው ኤዲተሩን ሲዘጉ፣ ከመላክዎ በፊት የመጨረሻ ገጽ ይመጣል። ከላይ ወደ ታች ላኪ፣ ተቀባይ፣ ግልባጭ፣ ስውር ግልባጭ፣ ርዕስ ተደርድረዋል፤ ዝቅ ብሎ የጥበቃው መስመር አለ። ምንም ካልነኩ ጥበቃ እንደሌለ ይናገራል። «ፒ»ን ሲጫኑ ምርጫዎቹ ይወጣሉ፦ «ኢ» ለመመስጠር፣ «ኤስ» ለመፈረም፣ «ቢ» ለሁለቱም። «ቢ»ን ሲመርጡ መስመሩ ይለወጣል፤ «ዋይ»ን ሲጫኑ ይላካል።

ከመላክዎ በፊት ግን ዓይንዎን ከዚያ መስመር ወደ ላይ ይመልሱ። ምስጠራው ደብዳቤውንና አባሪዎቹን ነው የሚዘጋው። ከላይ የተደረደረው ፖስታ ላይ እንደተጻፈ አድራሻ ነው፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፈ በየሰርቨሩ ይመዘገባል። ርዕሱም በፒጂፒ የቆየ ደንብ ሳይመሰጠር ይሄዳል። አዳዲስ ፕሮግራሞች እውነተኛውን ርዕስ ወደ ውስጥ አስገብተው ከላይ ሦስት ነጥብ ብቻ ይተዋሉ፤ ይህ ግን በስሪቱ፣ በሴቲንጉና በተቀባዩ ፕሮግራም ላይ ይወሰናል። ርዕሱ ላይ ፍሬ ነገር አይጻፉ፤ «ሰላምታ» ይበቃል።

ስውር ግልባጭም ከሚታሰበው በታች ስውር ነው። የተመሰጠረ ደብዳቤ በየትኞቹ ቁልፎች እንደሚፈታ የሚገልጹ መለያዎችን ተሸክሞ ይሄዳል። ስሙ ያልተጻፈ ተቀባይ ቢኖርም የቁልፉ መለያ ሊያጋልጠው ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ለብቻው ይላኩ።

ረቂቅም አለ። ጽፈው ሳይጨርሱ «በኋላ እመለስበታለሁ» ብለው ያቆዩት ደብዳቤ የረቂቅ ማህደሩ ሰርቨር ላይ ከሆነ ሳይመሰጠር ወደዚያ ይሄዳል። መት ለመመስጠር የታሰበ ረቂቅን በራስዎ ቁልፍ ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ሴቲንግ አለው፤ እርስዎ ካላበሩት ግን አይሠራም። ኤዲተሩ በሚጽፉበት ጊዜ በዲስክዎ ላይ የሚፈጥረውን ጊዜያዊ ፋይልም አይርሱ፤ ዲስኩ ራሱ ካልተመሰጠረ ፋይሉን ተከታትሎ ማግኘት ይቻላል።

በመጨረሻ ተቀባዩ አለ። ሰውየው መልሱን ሳይመሰጥር ከላከና የእርስዎ ደብዳቤ ከሥሩ ተገልብጦ ከቀረ፣ የደበቁት ሁሉ ወጣ። መት ለተመሰጠረ ደብዳቤ የሚሰጠውን መልስ በራሱ እንዲመሰጥር ማድረግ ይቻላል፤ ጓደኛዎ በስልኩ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ግን እንደዚያ ማድረጉን ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ።

«ቁልፉ ላይ ስሙ ካለ የእሱ ነው»

ማንም ሰው በፈለገው ስምና አድራሻ ቁልፍ መፍጠር ይችላል። ጂፒጂ ስምዎን ሲጠይቅ መታወቂያ አሳዩ አይልም። የድሮዎቹ የቁልፍ ማከማቻ ሰርቨሮችም የመጣላቸውን ሁሉ ያለ ማጣራት ይቀበሉ ነበር። በስምንት ፊደል የሚጻፈው አጭር የቁልፍ መለያም አያስተማምንም፤ በ2014 ተመራማሪዎች ተመሳሳይ አጭር መለያ ያለው ሐሰተኛ ቁልፍ በጥቂት ሴኮንዶች መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። በ2019 የተከፈተው ኪስ ዶት ኦፕንፒጂፒ ዶት ኦርግ ቢያንስ ወደ ኢሜይል አድራሻው ጽፎ ባለቤቱን ያረጋግጣል፤ አድራሻውን ራሱ ማን እንደያዘው ግን አይነግርዎም።

የሚያስተማምነው የቁልፉ የጣት አሻራ የሚባለው ነው። በስፋት በሚሠራበት የቁልፍ ዓይነት 40 ምልክት ነው፤ አሥሩ አኃዞችና ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ያሉ ፊደላት፣ በአራት በአራት በ10 ምድብ ተከፍለው። ዋሽንግተን ያለ ሰው አዲስ አበባ ካለ ወንድሙ ጋር ሊጻጻፍ ቢፈልግ እንዲህ ያደርጋል። በሚያውቀው ቁጥር ይደውላል። ወንድሙ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አሻራ ያነባል፤ ደዋዩም ካወረደው ቁልፍ ጋር እያስተያየ ይከተላል። «አራት፣ ሲ፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ።» «እሺ፣ ቀጥል።» እስከ አሥረኛው ምድብ። ስልኩ ቢጠለፍ እንኳ ጉዳት የለውም፤ አሻራው ምስጢር አይደለም። የሚያስፈልገው የሚያነበው ሰው በእርግጥ ወንድሙ መሆኑ ነው፤ በቪዲዮ ከሆነ የበለጠ ጥሩ። ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ይህ ካልተሠራ ግን መካከል የገባ ሰው የራሱን ቁልፍ አቀብሎ ሁሉንም ሊያነብ ይችላል።

«ፊርማና ምስጠራ አንድ ነው»

ፊርማ ደብዳቤው ከማን እንደመጣና መንገድ ላይ እንዳልተነካ ያሳያል፤ አይደብቅም። ምስጠራ ይደብቃል፤ ላኪውን አያረጋግጥም።

«ጂፒጂ ካለኝ ሰላይ አያገኘኝም»

ይህን የሚያፈርስ ምሳሌ ከእኛው ሰው ሕይወት አለ። ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የተጠራ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በክሱ እንደተገለጸው ከሰው ተላልፎ የደረሰውን የዎርድ አባሪ ሲከፍት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ጥሪውንና ኢሜይሉን ለወራት ሲቀዳ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ጉዳዩን ውድቅ ያደረገው ስለላው አልተፈጸመም ብሎ አልነበረም፤ በውጭ መንግሥት ያለመከሰስ ሕግ ምክንያት ነው። በዚያው በ2014 የካናዳው ሲቲዝን ላብ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ ድርጅት የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ገልጾ ነበር።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ምስጠራን መስበር አይጠበቅበትም። ደብዳቤው ተፈትቶ ስክሪን ላይ ሲወጣ ያነበዋል፣ የይለፍ ቃሉን ሲተይቡ ይቀዳዋል። ምስጢራዊ ቁልፉን እንደ ዩቢኪ ባለ ትንሽ መሣሪያ ላይ ማኖር ቁልፉ እንዳይሰረቅ ያደርጋል፤ በዚያ ሰዓት የተፈታውን ጽሑፍ ግን አይከልልም። መትም አባሪን በራሱ አይከፍትም እንጂ እርስዎ ከከፈቱት ሊያድንዎ አይችልም። አገር ቤት ካለ ምንጭ የመጣ ያልጠበቁት ሰነድ ሲደርስዎ፣ ከመክፈትዎ በፊት ላኪውን በሌላ መንገድ ይጠይቁት።

እዚህ ላይ ሌላ እውነት ልጨምር። ፒጂፒ ያለፈውን አይጠብቅም። ምስጢራዊ ቁልፍዎ ዛሬ ከተሰረቀ፣ ሌባው ከዓመታት በፊት ጠልፎ ያስቀመጠውን ሁሉ ይፈታል። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ በየመልእክቱ ቁልፍ ስለሚቀይር ይህ ጉዳት የለበትም። ለዕለት ወሬ ሲግናልን፣ ለረጅም ደብዳቤና ለሰነድ ጂፒጂን እመርጣለሁ።

«የይለፍ ቃሉን ብረሳ የሚያስመልስልኝ አለ»

የለም። ደንበኛ አገልግሎት የለውም፤ «ረሳሁ» የሚል ማስፈንጠሪያም የለውም። ስለዚህ ቁልፉን በፈጠሩበት ቀን ቅጂውን ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ከተቻለ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። አዳዲሶቹ የጂፒጂ ስሪቶች ቁልፉን ሲፈጥሩ የመሻሪያ ሰነድም አብረው ይሠራሉ፤ ቁልፉ ሲሰረቅ ወይም ሲጠፋ እሱን ማሰራጨት ይቻላል፤ ያን ፋይል ለብቻው፣ ከቁልፉ ቅጂ በተለየ ቦታ ያኑሩት፤ ያገኘው ሰው ሁሉ ቁልፍዎን ሊሽርብዎ ይችላልና። ለቁልፉም የማብቂያ ቀን ይስጡት፤ ሁለት ዓመት ጥሩ ነው። ቀኑ ሲደርስ ቁልፉ በእጅዎ ካለ ያራዝሙታል፤ ከጠፋብዎ ግን የማብቂያ ቀኑ ሰዎች እርስዎ ሊፈቱት በማይችሉት ቁልፍ ለዘላለም እየቆለፉ እንዳይልኩልዎ ያደርጋል።