ስም ያልተጻፈባቸው ጋዜጦች

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የቤት ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ይለበጥ ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በደርግ ዘመን በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው «ሠርቶ አደር» የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ የኢሠፓአኮ፣ ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ልሳን ነበር።

ከእሱ በፊት ሁለት ኅቡዕ ጋዜጦች ነበሩ፦ የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) «ዴሞክራሲያ» እና የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»። ሁለቱም የተጀመሩት በ1966 ማብቂያ ነው። ሌኒን «ኢስክራ»ን በውጭ አገር እያሳተመ ወደ ሩሲያ በድብቅ ያስገባ እንደነበረው፣ እዚህም ጋዜጣ በድብቅ ይሰራጭ ነበር፤ ከፓርቲው ስም ቀድሞም ታወቀ፤ ኢሕአፓ ራሱን ያስታወቀው «ዴሞክራሲያ» ዓመት ያህል ከተነበበ በኋላ በነሐሴ 1967 ነው።

ጽሑፉ በጽሕፈት መኪና ስቴንስል ላይ ይመታል፣ በማባዣ ይባዛል፣ በወጣቶች ልብስ ሥር ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። የአዘጋጁ ስም የትም የለም። «ዴሞክራሲያ» ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ መስጠትን መረጠ። በ1968 ክርክሩ በ«አዲስ ዘመን» ገጾች ላይ በይፋ ሲካሄድ፣ ያ ትውልድ በብዕር መሟገት እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ያ ዕድል መባከኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ፣ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ይፈለግ ነበር። የኢሕአፓው መሪ ተስፋዬ ደበሳይ በዚያ አሰሳ ሞተ። የመኢሶኑ ኃይሌ ፊዳ በነሐሴ ተይዞ ኋላ ተገደለ።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። «ሠርቶ አደር» የሚሟገተው ሌላ ጋዜጣ አልነበረውም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ነው። ለምሳሌ፣ ከሉማሜ ብዙም የማይርቀው የየትኖራ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሥርዓቱ ማሳያ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ እንደ ሌሎቹ ማኅበራት ፈረሰ። የገበሬው ቅሬታ ግን የተወለደው በዚያ ቀን አልነበረም፤ ቀድሞ ያልተሰማው የሚጽፍለት አጥቶ ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ «ዴሞክራሲያ» የተገኘበት ሰው ሕይወቱን ሊከፍል ይችል ስለነበር ብዙዎች ወረቀቱን አቃጥለዋል። እናንተ የሉማሜና የአካባቢዋ ሰዎች፣ በሳጥን ሥር ወይም በአሮጌ ግድግዳ ላይ የእነዚህን ጋዜጦች ቅጂ ካገኛችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት አስረክቡት።