የዲሽ ገመድ፣ ጫፉና መጭመቂያው

ቦንጋ ላይ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ የቴሌቪዥን ምስል መቆራረጡ የተለመደ ነው። ከባድ ዝናብ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ ያዳክመዋል፤ ሲያባራ ግን ምስሉ ይመለሳል። ሰማዩ ጠርቶም ካልተመለሰ ዲሹን ከማዞር በፊት የገመዱን ጫፍ ማየት ይሻላል። ቦንጋ ያለችበት ከፋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነውና፣ ይህች ጫፍ እዚህ ብዙ ትፈተናለች።

ኮአክሲያል የሚባለው ይህ ገመድ መሐሉ ላይ አንድ ሽቦ አለው። ሽቦውን ነጭ ፎም፣ ፎሙን ፎይልና የተጎነጎነ ሽቦ፣ ሁሉንም ፕላስቲክ ይሸፍናቸዋል። ምስል ወደ ቤት ሲያመጣ ኤሌክትሪክም ወደ ጣሪያ ይወስዳል፦ ሪሲቨሩ በዚያው ሽቦ ዲሹ ላይ ላለው ሞገድ ተቀባይ (ኤልኤንቢ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። በሪሲቨሩ ላይ «ኤች» ተብለው የተመዘገቡት ቻናሎች 18 ቮልት ይፈልጋሉ። ጫፉ ሲዝግ ቮልቱ ይወርድና እነዚያ ብቻ ይጠፋሉ፤ ሰውም «ጣቢያው ተዘጋ» ይላል። እርጥበትና ቮልት አንድ ላይ ሲሆኑ የሽቦውን መዳብ ቶሎ ይበሉታል። እንዲህ የተጎዳ ጫፍ ሲፈታ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይገኛል።

ለዲሽ የሚሆነው አርጂ 6 ነው፤ ውፍረቱ 6.9 ሚሊሜትር፣ ፎሙ 4.6፣ የመሐል ሽቦው 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። በካሜራ ሥራ የሚታወቀው አርጂ 59 ቀጠን ይላል፤ ፎሙ 3.7 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም 75 ኦም ናቸው። ለመገናኛ ሬዲዮ የሚውለው አርጂ 58 ግን 50 ኦም ስለሆነ ከዲሽ ጋር አይገጥምም።

በገመዱ ጫፍ የሚገጠመው ኤፍ ኮኔክተር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በፎሙና በተጎነጎነው ሽቦ መካከል ይገባል። የአርጂ 6 ኮኔክተር በአርጂ 59 ላይ ሲደረግ የ1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተርፋል፤ ገመዱ ትንሽ ሲሳብ ይወልቃል። ኮኔክተሩ የራሱ መርፌ ስለሌለው ሶኬቱ ውስጥ የሚገባው የመሐል ሽቦው ራሱ ነው። ቀጭን ከሆነ በደንብ አይነካም።

መጭመቂያውም እንዲሁ በልክ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳዎቹ ላይ በኢንች የተጻፈ ቁጥር አለ፦ ለአርጂ 6 ኤፍ ኮኔክተር 0.324፣ ለአርጂ 59 የካሜራ ኮኔክተር (ቢኤንሲ) ብዙውን ጊዜ 0.255፣ ለአርጂ 58 ደግሞ 0.213። በፒንሳ የተጨመቀ ጫፍ አንድ ጎኑ ይጨፈለቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ውሃ የሚገባውም በዚያ ነው። ጎማ ቀለበት ያለው፣ በቁመቱ ተገፍቶ የሚዘጋው ኮምፕረሽን ኮኔክተር ለጣሪያ ከሁሉም ይሻላል፤ የራሱ መሣሪያ ግን ይፈልጋል።

ከመጨመቁ በፊት የተጎነጎነው ሽቦ ወደ ኋላ ይታጠፍ። አንዲት ክር እንኳ የመሐሉን ሽቦ ከነካች ሾርት ያደርጋል። ከተገጠመ በኋላ ገመዱ ከኤልኤንቢው በታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውሃው ወደ ጫፉ ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ።

ገበያ ስትወጡ የገመዳችሁን ቁራጭ ያዙ፤ በልባሱ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡና ኮኔክተሩን በእሱ ልክ ግዙ። ሠራተኛ ስትጠሩም መጭመቂያ ይዞ እንዲመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።