ኑሮ ሲወደድ ከቤት ወጪ ምን ይቀነሳል? ምንስ አይቀነስም?

የኑሮ ውድነት ዛሬ ከቤታችን ውጭ የሚወራ ነገር አይደለም። ማዕዳችን ላይ ቀርቦ የሚታይ ነው። የወር ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ፣ ተነጋግሮም ይሁን በዝምታ፣ አንድ ነገር መቀነስ ይጀምራል። ጥያቄው “እንቀንስ ወይስ አንቀንስ?” የሚል አይደለም። እጅ ሲያጥር መቀነስ ግድ ነውና። ዋናው ጥያቄ “ምኑን እንቀንስ? የምንቀንሰውስ ከማን ድርሻ ነው?” የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በማስተዋል የመለሰ ቤት ክፉውን ዘመን አልፎ ይቆማል። ሳያስብ የቀነሰ ቤት ግን ዛሬ ጥቂት ብር አትርፎ ነገ በብዙ ብር የማይገዛ ነገር ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

የዋጋ ግሽበት ምን ማለት ነው?

አገራችን በቅርብ ዘመን ደጋግማ የዋጋ ንረት አይታለች። የዓለም ባንክ አኀዝ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት 44 በመቶ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ 34 በመቶ ገደማ ደርሷል። በዚያ ዓመት የአገር ውስጡ ጦርነትና ድርቅ፣ ከዩክሬን ጦርነት ጋር የመጣው የዘይት፣ የስንዴና የነዳጅ መወደድ ተደራርበው ነበር። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይት፣ መድኃኒት፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የምንዛሪው ለውጥ እስከ ጓዳችን ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። “ግሽበቱ ቀነሰ” ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። የመጨመሩ ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 34 በመቶ ቢጨምር 134 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ “ቢወርድ” ዕቃው 161 ብር ገደማ ይደርሳል እንጂ ወደ 100 ብር አይመለስም። ስለዚህ “ዋጋው እስኪመለስ በብድር እንለፈው” የሚል ቤተ ሰብ የማይመጣ ቀን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የቤቱን ሥርዓት ከአዲሱ ዋጋ ጋር ማስተካከል ይሻላል።

ለምን ዝቅተኛ ገቢ ያለውን አብልጦ ይጎዳል?

ኤርንስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ጥናት፣ የቤተ ሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚበዛ አሳይቷል። ይህን በምሳሌ እንየው። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ቤት 6,000 ብሩን ለምግብ ያውላል እንበል። የምግብ ዋጋ 30 በመቶ ሲጨምር ያው ምግብ 7,800 ብር ይሆናል። ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለትራንስፖርት የቀረው 4,000 ብር ወደ 2,200 ወረደ ማለት ነው። በወር 40,000 ብር አግኝቶ 10,000 ብሩን ለምግብ የሚያውል ቤትም 3,000 ብር ይጨምራል፤ ሆኖም 27,000 ብር በእጁ ይቀራል። ገበያው አንድ ነው፣ ጫናው ግን አንድ አይደለም። በአንድ ጉባኤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቤተ ሰቦች የተለያየ ዘመን እየኖሩ ሊሆን ይችላል።

ቤተ ሰብ የሚቀንሰው በቅደም ተከተል ነው

ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ የሚቀነሰው የምግቡ ዓይነት ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይቀራሉ። ነጩ ጤፍ በሰርገኛ ይተካል፣ ከዚያም ከማሽላ፣ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። ቀጥሎ የሚቀነሰው መጠኑ ነው። ወጡ ይቀጥናል፣ ቁርስ በሻይ ይታለፋል። በሦስተኛ ደረጃ የሚቀነሰው ከሰው ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ እናት “እኔ በልቻለሁ” ብላ ትነሣለች። በመጨረሻም ዕቃ ይሸጣል፣ ብድር ይገባል፣ መድኃኒት ይቋረጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

ከዚህ አንድ ቀላል መመዘኛ እናገኛለን። አንዳንዱ ቅነሳ የሚመለስ ነው፤ ዛሬ የቀረ ቅቤ ነገ ገቢ ሲገኝ ይገዛል። አንዳንዱ ግን የማይመለስ ነው። እንግዲህ የሚመለሰውን አስቀድመን በድፍረት ብንቀንስ የማይመለሰውን ለመጠበቅ አቅም እናገኛለን።

በድፍረት ሊቀነሱ የሚችሉ

1. እንጀራና ወጥ። ጤፍን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የማሽላ ወይም የበቆሎ ቅልቅል ያለው እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ለብዙ ቀን መጋገር አያስፈልግም፤ የተጣለ እንጀራ ያተረፍነውን መልሶ ይወስድብናልና። ዋናው ቁም ነገር ወጡ ነው። እህል ብቻውን ሰውነት ከሚፈልገው የፕሮቲን ዓይነት ይጎድለዋል፤ ያንን የሚሞሉት ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ናቸው። ስለዚህ ሥጋና ቅቤ ቢቀሩም እንጀራ ከጥራጥሬ ጋር ከቀረበ ማዕዱ ባዶ አይደለም። ሽሮው ሁሉ ቀርቶ እንጀራ በአዋዜ ብቻ ሲበላ ግን ቤቱ አደጋ ውስጥ ገብቷል።

2. አገዛዝ። በየቀኑ በጣሳና በኪሎ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ በኩንታል ከሚገዛው ይበልጣል። ብቻውን ኩንታል መግዛት የማይችል ግን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ሆኖ አንድ ኩንታል ገዝቶ ሊካፈል ይችላል። አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንዳሉት ነው። በአዲስ አበባ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆችንና የእሑድ ገበያዎችን ከሰፈር ሱቅ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ለበዓል ሥጋም ቅርጫ ከልኳንዳ ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ይታይ።

3. ማገዶና መብራት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ይወስዳል። እስኪግል የሚፈጀው ኃይል እንጀራ ሳይወጣበት የሚያልፍ ስለሆነ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ ይህ ልማድ የበለጠ ይጠቅማል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ካደሩ ቶሎ ይበስላሉ፤ ድስት ሲከደን ከሰል ይተርፋል። ነገር ግን ለሙቀት ብላችሁ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ። ሽታ የሌለው ጭሱ ተኝተው ያሉትን ይገድላል።

4. ለሰው ዓይን የሚወጣ ወጪ። የሠርግ፣ የልደትና የምርቃት ድግስ፣ ለአንድ ቀን የሚገዛ ልብስ ከዚህ ይመደባል። ይህ መጀመሪያ ሊቀነስ የሚገባው ሲሆን፣ “ሰው ምን ይለኛል?” ስለሚባል ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀነስ ነው።

ፈጽሞ ሊቀነሱ የማይገባቸው

1. የነፍሰ ጡርና የሕፃን ምግብ። ከፅንስ ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት 1,000 ቀናት አካልና አእምሮ የሚሠሩበት ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ የደረሰ መቀንጨር በኋላ በምግብ ብዛት በቀላሉ አይካስም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ለዚህም እናቲቱ መብላት አለባት። ከስድስት ወር በኋላ ጡት ሳይቋረጥ ጥራጥሬ የተቀላቀለበት ወፈር ያለ ገንፎ፣ ከተቻለም እንቁላል ይጨመርለት። በቤቱ አንድ እንቁላል ብቻ ካለ የአባወራው ሳይሆን የዚያ ልጅ ነው።

2. አዮዲን ያለው ጨው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ተወስኗል። በጥቂት ሳንቲም ልዩነት አዮዲን የሌለውን ጨው መግዛት ለእንቅርት ያጋልጣል፣ በማኅፀን ያለውንም ልጅ አእምሮ ይጎዳል። ጨውን ከፀሐይ አርቆ ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር አዮዲኑን ይጠብቃል።

3. በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትን “ለሁለት ወር እንዲደርስ” ብሎ ከፍሎ መዋጥ ቁጠባ አይደለም። በደም ግፊት ምክንያት የሚመጣ ስትሮክ ቤተ ሰቡን አንድ ሠራተኛና አንድ አስታማሚ በአንድ ቀን ያሳጣዋል። ይልቁንም ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን “ይኸው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ረከስ ያለ አለ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። በከነማና በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችም ዋጋ አነጻጽሩ። የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንዲሁም የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ እንደሚሰጡ አትርሱ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ዓመታዊውን መዋጮ አታቋርጡ። መዋጮው ከአንድ ሆስፒታል አልጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

4. የልጅ ትምህርት። ከግል ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ማዛወር የሚመለስ ቅነሳ ነው፤ ከትምህርት ማስቀረት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ቅድመ መደበኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር ተጀምሯል። ከፍተኛ ክፍያ ለመክፈል ልጁን በባዶ ሆድ የሚልክ ቤት ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። “ወንዱ ይማር፣ ሴቷ ቤት ትርዳ” የሚለው አከፋፈል ግን በምንም ምክንያት አይደገፍም።

5. ዕድር። በሐዘን ቀን የሚቆመው ዕድር ነው። ከሁለትና ከሦስት ዕድር ወደ አንድ መውረድ ይቻላል፤ ከሁሉም መውጣት ግን በክፉ ቀን ብቻ መቅረት ነው። ሲቸግር ወደ አራጣ መሄድም መፍትሔ አይደለም። አራጣ በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው፣ ወለዱም ከገበያው ግሽበት ይልቅ ቤት ያፈርሳል።

በእኛ ቅነሳ የሚጎዳው ማን ነው?

በከተማ ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ ፈጥና የምትቀነሰው የቤት ሠራተኛ ናት። መቀጠል ካልተቻለ ማሰናበት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ከገጠር የመጣችና በከተማው ዘመድ የሌላት ልጅ በድንገት ከበር ስትወጣ የእኛ ቁጠባ የእርስዋ ጥፋት ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ መንገር፣ ያላትን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ መክፈል፣ ሌላ ቤት ወይም ወደ ወላጆችዋ መመለሻ መፈለግ ይገባል። እንዲሁም ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ መቼ እንደሚበሉ ጠይቁ። “በልቻለሁ” የሚለው መልስ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለችም። አንዳንድ ወገኖች ከጉባኤ የሚቀሩት እምነታቸው ቀዝቅዞ ሳይሆን የታክሲ ሒሳብ አጥተው ነው። ሌሎች የመዘምራን ዩኒፎርም፣ የሙሽራ መዋጮ፣ የኮንፈረንስና የጉዞ ክፍያ ሲመጣ ድሃ መሆናቸው እንዳይታወቅ በዝምታ ይርቃሉ። እንግዲህ አገልጋዮችና የኅብረት መሪዎች መዋጮ ከመወሰናቸው በፊት “ይህን መክፈል የማይችለው ማን ነው?” ብለው ይጠይቁ። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን መበለቶች በዕለት ምግብ እደላ ቸል ተባሉ የሚል ማጉረምረም ሲሰማ አጉረምራሚዎቹን አልገሠጸችም። ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰባት ሰዎች መረጠች። ማዕድ ያኔም የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበር።

ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

ባልና ሚስት፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ካሉ ጨምራችሁ፣ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። በአንድ በኩል “የሚመለስ”፣ በሌላው “የማይመለስ” ብላችሁ የወሩን ወጪ በሙሉ ጻፉ። መስጠትንና አሥራትን የሚመለከተውም በአንዱ ውሳኔ ብቻ ሳይሆን በጸሎትና በመስማማት ይሁን። የምትቀንሱትን ሁሉ ከመጀመሪያው ዝርዝር ብቻ ምረጡ። እያንዳንዱን ስትሰርዙ “ይህ ከማን ድርሻ ነው የወጣው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዝርዝሩን እንደገና ሥሩት። የመጀመሪያው ዝርዝር አልቆ ገና ካልበቃችሁ ደግሞ ልጁን ከማስራብ ወይም መድኃኒቱን ከማቋረጥ በፊት ለምታምኑት ዘመድ፣ ለኅብረት መሪያችሁ ወይም ለሽማግሌ ተናገሩ። መቸገር ነውር አይደለም፤ የሚያስፈራው ችግሩን ደብቆ የማይመለሰውን መቁረጥ ነው።

ጌታ ቤታችሁንና ማዕዳችሁን ይባርክ።