በክረምት የምትታቀፍ ዶሮ

ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ በሚባለውም ስምዋ የምትታወቀው ከተማ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። ከፍታዋም ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ነው። ከእርስዋ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ ሰው ቆላውን ያገኛል፤ ወደ ቁኒ የሚወጣ ሰው ግን የደጋው ብርድ ይቀበለዋል። በዚያ አገር ገበሬው ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ ቡናና ጫትም ይተክላል። በየደጃፉም ዶሮ ትጭራለች። ዶሮ ትንሽ ፍጥረት ስለ ሆነች ብዙ ሰው ይንቃታል። ነገር ግን ዕንቁላልዋ በሂርና ወይም በገለምሶ ገበያ ተሽጦ ጨውና ሳሙና ይገዛል፤ ለተማሪውም ልጅ ደብተርና እርሳስ ይሆናል።

ክረምት ለዶሮ ክፉ ወራት ነው። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ዝናም ይበረታል፤ መሬቱ ይረጥባል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ያልቃል፤ አዲሱ ማሽላ ግን ገና በማሳ ላይ ነው። ሰው ሲቸገር ዶሮም ትራባለች። በዚህ ጊዜ የቤት እመቤት ከባድ ነገር ይገጥማታል። ገንዘብ ያስፈልጋታልና ዶሮ ልትሸጥ ትነሣለች። ነጋዴው ግን ከሲታዪቱን አይወድም፤ ጤነኛዪቱንና ወፍራሚቱን ይጠይቃል። እርስዋም መልካሚቱን ሸጣ ደካማዪቱን ብታስቀር፣ ለሚመጣው ዓመት እናት የምትሆነው ያች ደካማዪቱ ናት። እንዲህ ሲሆን ዘሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየከፋ ይሄዳል። ለዘር ያስቀመጠውን እህል የሚበላ ገበሬ የሚያገኘው ጉዳት ይህችንም ሴት ያገኛታል።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን ዕንቁላል ትጥላለች። ለዕንቁላል የተመረጠች የፈረንጅ ዶሮ ግን በመልካም አያያዝ ከ250 በላይ ትጥላለች። ስለዚህ የአገሩ ዶሮ ጥቅም የላትም የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። ዶሮ በታቀፈች ጊዜ ዕንቁላል መጣል ታቆማለች። ፈረንጆችም ብዙ ዕንቁላል ስለ ፈለጉ፣ የማይታቀፉትን ዶሮዎች እየመረጡ ብዙ ዘመን አራቡ። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮ ብዙ ትጥላለች እንጂ መታቀፍ ትታለች። ዕንቁላልዋን የሚፈለፍለው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መኪና ነው። መኪና በሌለበት መንደር ግን መኪናዋ ያች የተናቀችው የሐበሻ ዶሮ ናት። ገብስማም ትሁን ቀይ፣ ወሰራም ትሁን አንገተ መላጣ፣ ትታቀፋለች፤ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ትከላከላለች።

መልካም ዘር መምረጥ ፍሬ እንዳለው በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ታይቷል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ2008 ዓመት ጀምሮ የሆሮ የሚባለውን የወለጋ ዶሮ ወስደው፣ ብዙ የሚጥሉትንና ፈጥነው የሚያድጉትን እየመረጡ አራቡ። የዕንቁላሉም ቍጥር ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጨመረ ሄደ። በምሥራቅ ሐረርጌም የጃርሶ ዶሮ የሚባል ዘር አለ፤ እርሱንም ሊቃውንት መርምረውታል። ሊቃውንቱ በማዕከላቸው የሚያደርጉትን የመንደር እመቤትም በደጃፏ በመጠኑ ልታደርገው ትችላለች። መልካሚቱን ታስቀራለች፤ ሌላዪቱን ትሸጣለች።

አሁን ደግሞ ዶሮዪቱ በታቀፈች ጊዜ የምታደርገውን ማወቅ ይገባል። ጫጩት በዕንቁላል ውስጥ ተሠርቶ የሚወጣው በ21 ቀን ነው። ለዚህም ከ37 እስከ 38 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል። ዶሮዪቱ ከሆድዋ በታች ላባዋን ታራግፋለች፤ የሞቀ ቆዳዋም ዕንቁላሉን ይነካዋል። ዕንቁላሉንም በቀን ብዙ ጊዜ በምንቃሯ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይሞታልና። እህልና ውሃ ልትቀምስ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትነሣለች፤ ጥቂት ቆይታም ፈጥና ትመለሳለች።

ነጎድጓድ ዕንቁላልን ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። ስለዚህም በጎጆዋ ውስጥ ብረት ወይም ከሰል ያኖራሉ። ነገር ግን የሚያበላሸው የነጎድጓዱ ድምፅ አይደለም። ከነጎድጓድ ጋር ዝናም ይመጣል፤ ጣራውም ያፈስሳል፤ ጎጆዋም ይረጥባል። ዶሮዪቱም ደንግጣ ወይም ርቧት ከተነሣችና ከዘገየች ዕንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ፅንሱን የሚገድለው ይህ ቅዝቃዜ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ የሚያፈስሰውን ጣራ መድፈን ነው፤ ለታቃፊዪቱም እህልና ውሃ በአጠገቧ ማኖር ነው።

የጎጆዋም ቦታ በጥንቃቄ ይመረጣል። ከእርጥብ መሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ሸለምጥማጥ የማይደርስበት የቤት ጥግ መልካም ነው። ከታች ደረቅ አመድ ቢነሰነስ ቅንቅንን ያርቃል፤ በላዩም ንጹሕ ገለባ ይነጠፋል። የሚታቀፈው ዕንቁላል ከተጣለ ከ10 ቀን ያላለፈው፣ ያልተሰነጠቀና ያልታጠበ ይሁን። በበጋ 12 ወይም 13 ዕንቁላል የምትችል ዶሮ በክረምት 8 ወይም 9 ይበቃታል። ብዙ ከሆነ ዳር ዳሩ ከክንፏ ውጭ ይቀራል። ስታገላብጠውም የቀዘቀዘው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሞቀውም ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዚህም ሁሉም ይጐዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ተረት ለዚህ ነገር ይስማማል።

በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ማታ ዕንቁላሉን በጨለማ ውስጥ በመብራት ፊት ማየት ይቻላል። ሕይወት ያለው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ያሳያል። ጥርት ብሎ ባዶ የሆነው ግን ፅንስ የለውምና፣ ሙቀቱን ለሌሎቹ እንዲተው ይወጣል።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ከባዱ ሥራ ይጀመራል። ጫጩት ከዕንቁላሉ አስኳል የቀረውን ምግብ በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ሁለት ቀን ያህል ሳይበላ ሊቈይ ይችላል። ብርድን ግን አንዲት ሌሊትም አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አያውቅምና ከእናቱ ክንፍ በታች መግባት አለበት። በኢትዮጵያ በብዙ መንደር ከተፈለፈሉት ጫጩቶች እኩሌታ የሚያህሉት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ብርድና እርጥበት፣ ረኃብ፣ ጭልፊትና በሽታ ይካፈሏቸዋል። ስለዚህ በዝናም ቀን እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር በደረቅ ቤት ማዋል ያስፈልጋል። የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ከተገኘም ምስጥ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣቸዋል። ውሃውም እንዳይደፋና እንዳያረጥባቸው በዝርግ ሸክላ ይቀርባል።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ፈንግል የሚባለው በሽታ ነው። ፈንግል በገባበት መንደር ዶሮው ሁሉ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በአገር ውስጥ በቢሾፍቱ ይሠራል፤ በዶሮዪቱም ዓይን ከሚጨመረው ዓይነት አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ዝናሙ ሳይመጣ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ የብልህ ሰው ሥራ ነው። በሽታው በገባ ጊዜ ግን አንዳንድ ሰው ዶሮው ሳይሞትበት ለመሸጥ ወደ ገበያ ይሮጣል። ያ ሰው ጥቂት ብር አገኘ፤ ነገር ግን ሞትን በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ጎረቤቱ ቤት ላከ። ነገ ደግሞ ከዚያው ገበያ የሚገዛት ዶሮ በሽታውን መልሳ ታመጣበታለች። የሞተውን መቅበር፣ የታመመውን ለብቻ ማኖር፣ ከገበያ የመጣችውንም ሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ለይቶ መጠበቅ ይገባል።

አስተዋይ እመቤት እንዲህ ታደርጋለች። በሰኔ ገንዘብ ሲያስፈልጋት ትርፍ አውራ ዶሮዎችንና ያረጁትን ትሸጣለች። ያለፈውን ክረምት በጤና ያለፈችውንና ጫጩቶቿን ያሳደገችውን ግን፣ ነጋዴ ዋጋ ቢጨምርላትም፣ አትሸጣትም። ያች ዶሮ በሐምሌ የፈለፈለቻቸው ቄቦች በጥር ወይም በየካቲት መጣል ይጀምራሉ። አውራዎቹም ለፋሲካ ይደርሳሉ፤ በዚያን ጊዜ በየከተማው የዶሮ ዋጋ ከፍ ይላል። በሰኔ ችግሯን ታግሣ ያሳለፈች ሴት በሚያዝያ ዋጋዋን ታገኛለች።

ዶሮዪቱ 21 ቀን በጨለማ ጥግ ትቀመጣለች፤ ዝናም ሲዘንብ አትሸሽም፤ ብዙም አትበላም። ሰው ግን አንድ ጣራ ለመድፈንና አንዲት ጠብታ ክትባት ለማስጨመር ይሰንፋል። ከዚያም በኋላ ጫጩቱ ሲሞት ዕድሌ ነው ይላል። ትጋት ከዶሮዪቱ፣ ማስተዋልም ከሰው በተገናኙበት ቤት ግን ክረምቱ ቢከፋም ዘር አይጠፋም።