አሮጌ ድራም ሲታደስ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የሉድዊግ ድራም ገዝቼ ሳጸዳ፣ ከእንጨቱ ውስጠኛ ገጽ በቀይ ቀለም የታተመውን የምርት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጠፋሁት። መሐንዲስ ነኝ ባዩ ሰውዬ የዕቃውን የልደት ምስክር ወረቀት በገዛ እጄ ቀደድኩት ማለት ነው።

ከዚያ የተማርኩት ይህ ነው። በቅድሚያ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደወጣ እየመዘገቡ መፍታት። የውጭውን የፕላስቲክ ልባስ ለብ ባለ ውኃና ቀለል ባለ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ መወልወል፤ እንጨቱን ግን ፈጽሞ አለመዘፍዘፍ። ክሮሙ ላይ የታየውን ዝገት ውኃ በነካ የአሉሚኒየም ፎይል ማሸት፤ አሉሚኒየም የክሮምን ያህል ጠጣር ስላልሆነ አይጭረውም። ክሮሙ የተላጠበት ቦታ ግን በማሸት አይመለስም።

ቆሻሻ ዛሬ ባይነሣ ነገ ይነሣል፤ የተፋቀ ታሪክ ግን አይተካም። ነገሩ ለድራም ብቻ ይሆን? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።