የጉሬዛ ልጅ መሬት ላይ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

"ነጭ ጦጣ መንገድ ዳር አገኘን፣ ወተት እንስጣት ወይ?" የሚል ጥያቄ ከቦንጋና ከአካባቢዋ በውስጥ መስመር ደርሶናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የአንዲት እንስሳ ሕይወት ያለው መልሱ ላይ ነው።

ሲጀመር ያቺ ነጭ እንስሳ ጦጣ ሳትሆን የጉሬዛ ልጅ ናት። ጉሬዛ ሲወለድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀውን ጥቁርና ነጭ ካባ የሚለብሰው ወራት ቆይቶ ነው። (ስሙ የኛው ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. እንስሳውን ለሳይንስ ሲመዘግብ "ጉሬዛ" የሚለውን ስም እንዳለ ወሰደው።)

ካገኛችሁት ቶሎ አታንሱት። መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ። መንጋው እዚያው ሊሆን ይችላል፤ እናቱ የማትወርደው እናንተን ፈርታ ይሆናል። ውሻና ሕፃናትን አርቁ፣ ራቅ በሉና ጠብቁ። እናቱ ሞታ ካያችሁ ወይም ልጁ ከቆሰለ ግን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አየር በሚገባው ካርቶን አስቀምጡትና ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ወይም ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ደውሉ። ብርድ ከረሃብ ቀድሞ ሊገድለው ይችላል።

ወተቱስ? ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የላም ወተት ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል፤ አጋድመው ካጠጡት ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ከፍ ያለው ጉሬዛም ቢሆን ዳቦና ሙዝ አይስማማውም። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። ጨጓራው እንደ በሬ የተከፋፈለ ነው፣ ቅጠሉንም የሚያብላሉለት ውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጣፋጭ ነገር በብዛት ሲገባ ሆዱ ይነፋል። በደግነት የሚሰጥ ዳቦ የሚገድለው እንዲህ ነው።

ለመሆኑ ጉሬዛ ለምን መሬት ይወርዳል? ደኑ ሲቆራረጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ መዝለያ ያጣል፣ ከዚያ ውሻና መኪና ይጠብቁታል። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. ከያዩ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ወደ 760 ሺህ ሄክታር ነው። በዋናው ክልል ውስጥ ማረስም መቁረጥም ክልክል ነው፣ በዙሪያው ግን ሕዝቡ ቡናውንና ማሩን ይሰበስባል። የካፋ ሰው በ"ቆቦ" ሥርዓት ደኑን በቤተሰብ ተከፋፍሎ ቀፎ ሲሰቅልበት ኖሯል። ዛፉ ከተቆረጠ ቀፎውም የለም፣ ስለዚህ ለጉሬዛ የሚበጀው ለማር ቆራጩም ይበጃል።

እንስሳውን ቤት ማስቀረትስ? በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ያስቀጣል። ከሕገወጥ ይዞታ የዳኑ እንስሳትን የሚቀበለው የቦርን ፍሪ "እንሰሳ ኮቴ" ማዕከል ያለው ደግሞ ሆለታ አጠገብ ነው፣ ከቦንጋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ትንሽ ጉሬዛ ያን ያህል መንገድ በቀላሉ አይችልም።

አስቀድማችሁ ቤት ያሳደጋችሁት ካለ ደግሞ ማታ ወስዳችሁ ጫካ አትጣሉት። ብቻውን ያደገ ጉሬዛ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ ከእናቱ አልተማረም፤ ውሻም አይፈራም። ወደ ዱር እንስሳት ባለሙያ ሄዳችሁ ተናገሩ፣ ሲበላ የቆየውንም ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩት፤ የመጀመሪያው ጥያቄው እሱ ነው የሚሆነው።