መጥቶ ሳለ «ቀሪ» የተባለ ፖድ

እዚህ እኔ በምኖርበት ፕሪንስዳል በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ወይ ለቡና ነው ወይ ለኮድ። ሰሞኑን ሦስት ምሽት የበላብኝ አንድ አመለኛ ቴስት ነው፤ ስለሱ ላውጋችሁ።

ኩበርኔቲስን ለማታውቁት፦ በኮንቴይነር የታሸጉ ፕሮግራሞች በየትኛው ሰርቨር ይሂዱ፣ የወደቀው እንዴት ይነሣ የሚለውን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ነው ለሁሉም ክፍት ያደረገው። ኮንቴይነሮቹ የሚኖሩበት ትንሹ ክፍል ፖድ ይባላል። እኔ የምጽፈው ኮንትሮለር ሥራው አንድ ነው፤ አዲስ ፖድ ሲመጣ አይቶ መመዝገብ።

ቴስቱም አጭር ነው። በእውነተኛው ሰርቨር ፋንታ የውሸት ክላየንት ያስነሣል፣ አንድ ፖድ ይፈጥራል፣ ኮንትሮለሩ አየው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ላፕቶፔ ላይ ሁሌ ያልፋል። ሲአይ (ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬደው ማሽን) ላይ ግን አንዳንዴ ይወድቃል፤ ደግመው ሲያስኬዱት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። «ሪትራይ በለው» ይባላል፤ እኔም ስል ከርሜያለሁ። ጉግል እንኳ በ2016 እ.ኤ.አ. ከቴስቶቹ ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት ይህ አመል እንዳለባቸው ጽፎ ነበር።

መጀመሪያ ውድቀቱን ቤቴ ድረስ ማምጣት ነበረብኝ። ስትረስ የሚባል የጎ ቋንቋ መሣሪያ አለ፤ አንዱን ቴስት በትይዩ እየደጋገመ ያስኬድና በየ5 ሰከንዱ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ይህን ያህል ሩጫ፣ 0 ውድቀት። ፕሮሰሰሩን ሆን ብዬ አጨናንቄ ለቀቅኩት። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ዜሮዋ ወደ 1 ተለወጠች። በውድቀት እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትሮለሩ ፖዶችን የሚያውቀው በሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ ሊስት (አሁን ያሉትን ስጠኝ)፣ ቀጥሎ ዋች (ከእንግዲህ የሚመጡትን ንገረኝ)። የእድር ጸሐፊ አስቡ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡትን መዝግቦ ሲጨርስ፣ የሚመጡትን ሊመዘግብ ወደ በሩ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሳለ የገባው ሰው ከሁለቱም መዝገብ የለም። መጥቷል፣ ተቀምጧል፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ ነው፤ ግን ቀሪ ተብሎ ይቀጣል። የኔም ፖድ ዕጣ ይኸው ነው።

እውነተኛው ሰርቨር ሊስቱን ሲሰጥ የሥሪት ቁጥር አብሮ ይሰጣል፤ ዋቹም ከዚያች ቁጥር ስለሚቀጥል የሚያመልጥ የለም። የውሸቱ ክላየንት ይህን ቁጥር አያውቅም። «ካሹ (ኮንትሮለሩ ያያቸውን ፖዶች የሚይዝበት ማኅደር) እስኪሞላ ጠብቄያለሁ» ብዬ ስኩራራ ነበር፤ ያ የሚያረጋግጠው ግን የሊስቱን ማለቅ ብቻ ነው። ላፕቶፕ ላይ በሊስቱና በዋቹ መካከል ያለችው ክፍተት የዓይን ጥቅሻ አታህልም። በተጣበበ የሲአይ ማሽን ላይ ግን ጸሐፊው ከድንኳን ወደ በር ሲሄድ ያንቀላፋል። (ይህ ሁሉ በኩበርኔቲስ የጎ ላይብረሪ፣ በክላየንት ጎ፣ የናሙና ቴስት ውስጥ በኮሜንት ተጽፎ ይገኛል። ያገኘሁት በሦስተኛው ምሽት ነው።)

ጥገናው ጥቂት መስመር ነው። ዋቹ ሲጀምር ምልክት የሚሰጥ ቻናል አስገባሁ፤ ፖዱ የሚፈጠረው ምልክቱ ከመጣ በኋላ ነው። እዚያች ቦታ ቀድሞ የተቀመጠው የ100 ሚሊሰከንድ ስሊፕ (ፕሮግራሙን ለዚያን ያህል ጊዜ የሚያስተኛ ትእዛዝ) ነበር። ማን ይሆን ይህን ያስቀመጠው ብዬ ጊት ብሌም ሳደርግ የራሴ ስም ወጣ።

ስሊፕ ጥበቃ አይደለም፣ ግምት ነው። 100 ባይበቃ 500 ማድረግም ቴስቱን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ሪትራይን ፈጽሞ አትንኩ አልልም፤ ዓርብ ማታ እኔም እነካዋለሁ። ግን ወድቆ ያለፈውን ቴስት ስም ጻፉ፤ አንዳንዱ አመለኛ የሚጮኸው ስለ እውነተኛ ባግ ነው።

እስቲ ዛሬ ኮዳችሁ ውስጥ ስሊፕ የሚለውን ፈልጉና ስንት እንደወጣ ጻፉልኝ። እኔ ጋ ገና 11 ቀርቷል።